ማሽላን ፈንዳ ያለው ማን ነው?

በዓል ሲቃረብ የአዲስ አበባ ፖሊስ የሚያወጣውን ማሳሰቢያ አብዛኞቻችን በቃላችን ይዘነዋል። ለደመራ የምትመጡ ስለት ያለው ነገር አትያዙ፤ ፍተሻ ላይ ተባበሩ፤ ርችት መተኮስ የተከለከለ ነው። መልካም ማሳሰቢያ ነው። ርችት ጣት ይቆርጣል፤ ዐይን ያጠፋል፤ የሣር ክዳን ያነዳል። በሕዝብ መሐል ሲፈነዳ ደግሞ ሰው ሌላ ነገር መስሎት ይረጋገጣል። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ክልከላውን በሙሉ ልቤ ደግፌ ነው። በመሐል ሌላ ነገር ያነበበ የመሰለው ካለ መነጽሩን ያስለካ።

የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እስከ ጎብዬ አለመዝለቁ ነው። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲወርዱ፣ ዶሮ ግብርን አልፈው ሮቢት ሳይደርሱ የሚያገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላ አለ፤ ጤፍ አለ፤ ግመል አለ፤ ሙቀትማ ለጎረቤትም ይተርፋል። የርችት ሱቅ ግን ዐይኔ አላየም። «ከሌለ ምኑን ይቆጣጠሩታል?» የሚል ሰው የአስተዳደር ጥበብ አልገባውም። የሌለን ነገር መቆጣጠር ቀላል ነው፤ ሪፖርቱም ሁልጊዜ መቶ በመቶ ይሆናል። መከራውን የሚያየው ያለውን ልቆጣጠር ብሎ የተነሣ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ብዙ ርቆ ሄዷል። እንግሊዞች በ2003 እ.ኤ.አ. አዋጅ፣ በዓመቱ ደግሞ ደንብ አወጡ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ርችት ይዞ አደባባይ አይወጣም፤ ድምፁ ከ120 ዴሲቤል አይበልጥም፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት አይተኮስም። ሰዓቱ የሚላላው ለጥቂት በዓላት ብቻ ነው። ከእነሱ አንዱ በ1605 እ.ኤ.አ. ፓርላማቸውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሴራ የከሸፈበት ቀን ነው። እንግዲህ ላልፈነዳው ባሩድ መታሰቢያ በየዓመቱ ባሩድ ያፈነዳሉ። የእኛ ምክር ቤት ከጭብጨባ የበለጠ ድምፅ ብዙ ስለማይሰማበት እንዲህ ያለ በዓል አላስፈለገንም።

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ለዲዋሊ በዓል ሁለት ሰዓት ብቻ ፈቀደ፤ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ እሱም ጭሱ የቀነሰ ርችት ከሆነ። ባሩድን ለዓለም ያስተማሩት ቻይኖች በ1993 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ከለከሉ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው አላሉ፣ መልሰው አጠበቁ። መከልከል፣ ማላላት፣ መልሶ ማጥበቅ፤ ይህ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ የሆላንዷ ኤንስኬዴ ናት። ግንቦት 13 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ሰፈር መሐል የነበረ የርችት መጋዘን ተቀጣጥሎ 23 ሰው ገደለ፤ ሰፈሩን ጠራርጎ አፈረሰው። ሲመረመር ኩባንያው ከተፈቀደለት በላይ አከማችቶ ተገኘ፤ የከተማው አስተዳደርና መንግሥትም ቁጥጥራቸው ተወቀሰ። የርችት ሕግ ሥሩ እዚህ ነው። ሕፃን ልጅ አንዷን ክር መለኮሱ የሕጉ ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቁ ጥያቄ ባሩዱን ማን አከማቸ፣ ስንት አከማቸ፣ በማን ጓሮ አከማቸ የሚለው ነው። ሆላንዶች ይህን ጥያቄ ጮክ ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም በወረቀት አሳተሙት። ጥያቄው ለሆላንድ ብቻ የሚሆን ስለሆነ እዚሁ እንተወው።

አሁን ወደ ጎብዬ እንውረድ። ሳሙና፣ ሻማ፣ ጨውና ባትሪ ድንጋይ የሚቸረችር አንድ ባለሱቅ ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ርችት ላምጣ ብሎ ፈቃድ ሊጠይቅ ሄደ እንበል። የቢሮውን ስም አልጠራም። የጸጥታ ጉዳይ ስለሆነ እኛም ጸጥ እንላለን። ለሦስት ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ፤ ለሁለት ቀን «ሲስተም የለም» ተባለ። በስድስተኛው ቀን ስብሰባውም ሲስተሙም ተገናኙና ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ፊት ተቀመጠ።

«ይግቡ አያ፤ ምን ነበር?»

«ርችት ልሸጥ ብዬ ነው ጌታው። ለልጆች።»

«ድምፅ አለው?»

«ድምፅማ አለው። ሌላ ምን አለው ብለው ነው።»

«ድምፅ ከሆነ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ነው የሚፈቀደው፤ ያለ ወቅቱ ማሰማት አይቻልም። በምንድን ነው የሚመጣው?»

«በሳጥን።»

«ሳጥኑ ታሽጎ ነው የሚመጣው? ሲከፈት ታዛቢ ይኖራል?»

«የሳሙና ካርቶን ስከፍት ታዛቢ አቁሜ አላውቅም ጌታው።»

«ለዚህ ነው ሳሙናዎ የሚጎድለው። እንዲያውም ታዛቢ እያለም ይጎድላል። ይሁን። ቀለሙስ?»

«ዓይነቱ ብዙ ነው። አረንጓዴ አለ፤ ቢጫ አለ፤ ቀይ አለ። ሦስቱንም አከታትሎ የሚረጭም አለ ይላሉ።»

ሠራተኛው ይህን ጊዜ ብዕሩን አስቀመጠ፤ በሩ መዘጋቱንም አየ።

«መሐሉ ላይ ኮከብ ያወጣል ወይስ አያወጣም?»

«ኧረ ሰማይ ላይ ኮከብ ሞልቶ የለ!»

«የሰማዩ ሌላ ነው አያ። ኮከብ ካወጣ ግማሹ የገበያ ሰው ይቀየምዎታል፤ ካላወጣ ደግሞ የሚያስጠይቅዎት ሌላ አለ። ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ቀለም የሌለው ይሁን። ወደ ላይ ነው የሚወጣው?»

«አዎ፤ ሽው ብሎ ወደ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትንሽ ያበራና ተቃጥሎ ይወርዳል። ወደ ላይ የወጣ ሁሉ መጨረሻው ይኸው አይደል?»

«አያ፣ ይህን ከዚህ ቢሮ ውጭ እንዳይደግሙት።»

ይህን ሲባባሉ ከወደ ተራራው ተከታታይ ተኩስ ተሰማ። የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ባለሱቁ ከወንበሩ ሊወርድ ሲል ሠራተኛው ከቅጹ ላይ ቀና እንኳ አላለም።

«ይቀመጡ አያ፤ እሱ እኛን አይመለከትም። እኛ የምንቆጣጠረው ችርቻሮውን ነው። ጅምላው በሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

ስለ ጅምላው ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል፤ ጎብዬ ለሚኖር ሰው ግን ወሬውን ወደ ምንጩ መመለስ ይሆንብኛል። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ራያ ቆላ ወረደ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ቆቦ ዙሪያ እንደገና ተጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመና ቆመ ተባለ። ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ መሐል ያለፈውን እያንዳንዱን ድምፅ የቆላው ልጅ ከነስሙ ያውቀዋል። ይኼ ክላሽ ነው፣ ይኼ ብሬን ነው፣ ይኼ ዲሽቃ ነው፣ ይኼ መድፍ ነው፤ የሚያጉረመርመው ደግሞ ከላይ ያለው ነው። ፊደል የቆጠረበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ ይህኛው ትምህርት አንድ ቀን አልተቋረጠም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ርችት ብትሸጥለት ምን ይልሃል? ገልብጦ ያያትና «ይቺስ ተበላሽታለች» ብሎ ሂሳቡን ያስመልስሃል።

የጅምላው ዘርፍ ሕግ የለውም ማለቴ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ከወጣ ወዲህ መሣሪያ ሞልቷል፤ የጠፋው አዋጁ ነው። ያየ ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክብ። በራያ ሠርግ ሲሆን ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ጀግና ሲቀበርም ይተኮሳል። ሙሽራው ሲገባ ስንት ጥይት እንደጮኸ የሚቆጥር አለ፤ ስንት ልጅ እንደሚወልድ ያህል ይመዘንበታል። አሁን አሁን ግን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ሠርግ ይሁን ቀብር መለየት አቅቶታል። ሁለቱም ቤት እንግዳ ይበዛል፤ ሁለቱም ቤት ድንኳን ይጣላል።

ባለሱቁን ረሳነው። ቅጹን ሞላ፤ ድጋፍ ደብዳቤ አመጣ፤ ክሊራንስ አመጣ፤ ርችቱን ከሳሙናው እንደሚለይ ቃል ገባ። ፈቃዱ እስኪወጣም ዕቃውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ ተነሣ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ። በየኬላው የሚወጠረውን ገመድ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማን እንደወጠረው ግን ገመዱም አያውቅም። በየገመዱ «ምንድን ነው የጫንከው?» ይባላል። «ርችት።» «አምጣ፣ እውነት መሆኑን እንፈትሽ።» አንዷ ትለኮሳለች። «ይቺ አላረካችንም፤ አንድ ድገም።» ካርቶኑ ደሴ ሲደርስ ቀለለ፤ መርሳ ሲደርስ በአንድ እጅ ተያዘ፤ ጎብዬ ሲገባ የቀረው ክሩና የዋጋ ዝርዝሩ ነበር። ዋጋው ግን በየኬላው ስለጨመረ ባለሱቁ ከሰረ ማለት አይቻልም። ክር ብቻውን እንዲህ ተወዶ አያውቅም።

ነገር ግን ቁጥጥሩ በችርቻሮ ርችት ላይ ብቻ ከቆመ ግማሽ ሥራ ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ድምፅ ካላሰማ እህል አይበላም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ሰዉ ማማ ሠርቶ ከንጋት እስከ ማታ ማማው ላይ ይውላል፤ ወንጭፍ ያስወነጭፋል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። በ2013 ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ሰማዩን ሲያለብሰው ደግሞ ጣሳ የያዘ በጣሳ፣ ጅራፍ የያዘ በጅራፍ፣ ጥይት ያለው በጥይት፣ ምንም የሌለው በእልልታና በእሪታ ወጣ። መርጫ አውሮፕላን እስኪመጣ ማሳ የጠበቀው ጩኸት ነው። ይህን ሁሉ ሳስብ ሕጉ ላይ ትልቅ ክፍተት ታየኝ። ለዚያ ሁሉ ጩኸት ፈቃድ የሰጠ ማን ነው? አንበጣው ከሰሰ ወይ? ግሪሳስ አቤቱታ አላቀረበ ይሆን? እንዲህ ያለው ወፍ ጊዜ ሲያልፍለት ከአቤቱታም አልፎ ይሄዳል፤

ማማ ሠርተን ነበር ግሪሳ ሊባረር፣
ወፉ ማማ ወጥቶ ይጠብቀን ጀመር።

ስንኙ ስለ ወፍ ነው። ወፍ አያነብም፤ ስለዚህ የሚቀየም የለም።

እንግዲህ ክፍተቱን የሚሞላ ረቂቅ ላቅርብ። ለጎብዬ የሚሆን መመሪያ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። አንደኛ፣ ጅራፍ ከነሐሴ 13 በፊትም ሆነ በኋላ በተመዘገበ እጅ ብቻ ይጮኻል፤ የቡሄ ልጅ ጅራፉን ሲገምድ የቀበሌ መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያ የሌለው የእናቱን ያቀርባል። ሁለተኛ፣ ሶለል። ነሐሴ 16 ሲገባ የቆቦ ልጃገረዶች ተሰብስበው የሚዘፍኑትን ዘፈን ማንም አስቀድሞ አይቶ አያውቅም፤ ግጥሙን እዚያው ሲጨፍሩ ያወጡታል። ይህ አደገኛ ነው። ርችት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ያልቃል፤ የልጃገረድ ግጥም ግን ሌላዋ ትቀበለዋለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሮቢት ይሰማል፣ ከዚያ ወልድያ። በ2014 ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን የጅምላው ድምፅ መጥቶ ሁሉንም ዝም ያሰኘው ጉዳዩ በመመሪያ ስላልተያዘ ይመስለኛል። ልጃገረዶቹ አስቀድመው በደብዳቤ አሳውቀው ቢሆን መድፉ ቀን ይቀይርላቸው ነበር።

ሦስተኛው አንቀጽ ስለ አደይ አበባ ነው። በመስከረም ዳገት ምድሩ ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ይፈነዳል፤ ያውም በቢጫ። እዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም፤ ግብርና ያጥናው።

ዋናው አራተኛው ነው፤ ማሽላ። ተቆጣጣሪው ለርችት ፍተሻ ቤት ለቤት ሲዞር አንዲት እናት ጓዳ ገባ እንበል። ቡና ቀርቧል፤ ምጣድ ተጥዷል፤ ምጣዱ ላይ ማሽላ ጣ! ጣ! ጣ! ይላል። ተቆጣጣሪው ወደ በሩ ሸሸ።

«ምንድን ነው የሚፈነዳው እናቴ?»

«ማሽላ ነው ልጄ። አረፍ በል፤ ፈንዲሻ ቅመስ።»

«በስንት ሰዓት እንዲፈነዳ ተፈቅዶለት ነው?»

«እሳቱ ሲበዛበት ነዋ፤ ሰዓት ምን ያውቃል።»

«ደግሞ ይስቃል!»

«ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲባል አልሰማህም?»

«እያረረ ምን ያስቀዋል?»

«ማረሩን ያላወቀለት መብዛቱ ነዋ ልጄ። በል ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

ተቆጣጣሪው ጠጣ፤ ፈንዲሻውንም ቀመሰ፤ ለናሙና ብሎ በኪሱ ያዘ። ሪፖርቱ ላይ ግን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጨነቀው። «ፈንጂ» ቢል ቆላው በሙሉ ፈንጂ አምራች ሊባል ነው፤ ከማሽላ ሌላ ምን ይበላል? «ሳቅ» ቢል ሕዝቡ ደስተኛ ነው ተብሎ ዘንድሮም እርዳታ ይቀንሳል። በመጨረሻ «በአካባቢው ከፍተኛ ሙቀት ይታያል» ብሎ ጻፈ። የበላይ አካል አነበበና ቆላ እንደሆነ እናውቃለን፣ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው ብሎ መለሰለት።

እኔ በበኩሌ ሪፖርቱ ትክክል ነበር እላለሁ። ከዚያ በላይ ትክክል የሆነ ሪፖርት ከቆላ ወጥቶ አላነበብኩም።

መመሪያው ሥራ ላይ ሲውል ከተማዋ ምን እንደምትመስል ለማየት በሐሳቤ አንድ ሌሊት ጎብዬ አደርኩ። ርችት የለም፤ ጅራፍ የለም፤ ሶለል የለም፤ ሲኖትራክ እንኳ ገመዱ ጋ ቆሞ ሞተሩን አጥፍቷል። ውሻው አፍንጫውን ቀብሮ ተኝቷል። በየማዕዘኑ ጸጥታ ቆሟል፤ በየበሩ ጸጥታ ያንኳኳል፤ «ማነው?» ሲባል «ጸጥታ ነኝ» ይላል። ጧት ሻይ ቤት ስገባ ቀይ ዐይኔን አይተው ጠየቁኝና እንዲህ አልኳቸው፤

ርችት አልፈነዳ፣ ውሻም አልጮኸብኝ፣
እንቅልፍማ ያጣሁት ጸጥታ በዝቶብኝ።

ሻይ የሚቀዳው ልጅ ሳቅ አለ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ስኳር ጨመረልኝ፤ ስኳር በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል አስተያየት አይደለም።

ባለሱቁ በመጨረሻ ፈቃዱን አገኘ። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ ከታችም በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለው፤ «ድምፅ፣ ብርሃን፣ ቀለምና ጭስ የማይፈጥር ከሆነ መሸጥ ይችላል።» ባለሱቁ ተናዶ ሊቀድደው ነበር። ግን የነጋዴ ልጅ ነው፤ አሰብ አደረገና ደግሞ አነበበው። ድምፅ የሌለው፣ ብርሃን የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ጭስ የሌለው ዕቃ። ጥጥ! በሳምንቱ ለጆሮ የሚሆን ጥጥ በጥቅል በጥቅል አስገባ። በገመዶቹም ያለ ችግር አለፈ፤ ጥጥ ተለኩሶ አይፈተሽም።

ገበሬው አልገዛውም፤ ግሪሳ ካልሰማ በምን ያባርራል? እናቶችም አልገዙትም፤ ልጅ ከውጭ ሲጠራ መስማት አለባቸው። ባለሱቁ አሁንስ ከሰርኩ ሲል ያ ወጣት ሠራተኛ ራሱ መጣና በቀጥታ ግዢ ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደለት። ለየጠረጴዛው ሁለት ጥቅል፣ ለኃላፊው አራት። ኃላፊው ጆሯቸው ሁለት ብቻ ስለሆነ የተረፈው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይዛወራል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።